ከጃፓኑ የአትክልት ስፍራ እስከ ሰባት ቤት

ኮሎምበስ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ለማ፤

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ጉልበትዎስ? ክረምቱ እንደለመደው አላስቸገረዎትም? እኔም ልጄ ማራናታም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያለችው የልብስ ማስተካከያ ሱቄም እንደ ምንም ትተነፍሳለች። አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎት ለደስታ ነው። ማራናታ ልታገባ ነው! ልጁ ናትናኤል ይባላል፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ መሐንዲስ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ሽማግሌ ልከው በወጉ ጠይቀዋል፤ ሠርጉም ለግንቦት 8 ተቆርጧል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አስተዳዳሪ ቄስ «ከሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ በታላቅ ሰው ተፈርሞ ካልመጣ ተክሊል አላደርስም» ብለዋል። የእናቴን ወገን አክስቴ ቆጥራ ልካለች፤ የሟቹን ባለቤቴንም ወንድሞቹ ጨርሰዋል። የጎደለው የአባቴ ወገን ነው። እኔ ከአባቴ ከዳኛቸውና ከአያቴ ከፍቅረማርያም ወዲያ አንድ ስም አላውቅም። ሱዳን ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ስደት ደግሞ ዘር አያስቆጥርም።

እርስዎና አባቴ የሁለት ወንድማማች ልጆች ሆናችሁ፣ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ትሪ ነው ያደጋችሁት። ከዚያ ወገን በሕይወት የቀሩልኝም እርስዎ ብቻ ነዎት። ስልክ ስደውል አልሰማም እያሉ ስለሚዘጉብኝ፣ እንደተለመደው በእጅዎ ይጻፉና ጎረቤትዎ ወይዘሮ ሔዋን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ። ሰባት ስም ነው፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ልጅዎ ሂሩት


ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሂሩት ዳኛቸው፤

ሰላምታዬ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፤ ጆሮዬ ግን ምንም አይነግረኝም። የጆሮዬ መሣሪያ ባትሪ እዚህ ጠፍቷልና ሰው ሲመጣ ላኪልኝ።

ለማራናታ እንኳን ደስ ያላት። ስም ጽፎ መላኩ አያቅተኝም። ነገር ግን መጀመሪያ እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ? በግብዣ ላይ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አውራ ጎዳና ስሠራ ሰው የሚገለጥልኝ መኪና ላይ ነበር። ጎማ ሲፈነዳ ማን ቀድሞ እንደሚወርድ፣ ውሃ ሲያልቅ ማን ኮዳውን እንደሚደብቅ አይቻለሁ። ስለዚህ ከልጁ እናትና አባት ጋር በአንድ መኪና ተጭናችሁ አንድ ቀን ሙሉ ወደ ገጠር ውጡ። ከዚያ ያየሽውን ሳታሳምሪ ጻፊልኝ፤ እኔም እቆጥራለሁ።

መንገዱ አስፋልት ይሁን ጠጠር፣ ስንት ድልድይ እንዳለውም ቁጠሪ። ሰፊ ድልድይ ካየሽ ፎቶ አንሺልኝ።

አጎትሽ ለማ


ኮሎምበስ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ለማ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ሰላም ለእኔ ግን ትናንት አልነበረም። ቆጥረው ይላኩልኝ ያልኩት ሰው እንጂ ድልድይ አይደለም! ቢሆንም የታላቅ ቃል ነው ብዬ ታዘዝኩ። ቅዳሜ፣ ሱቄ በሳምንት አንዴ በሚሞላበት ቀን፣ ዘግቼ ወጣሁ። ባትሪው ከዚህ ጋር በሰው ይመጣል።

ዕቅዱን ያወጡት ልጆቹ ናቸው። ናትናኤል ሰባት ሰው የሚጭን መኪና ተከራየ። ማራናታ ሰዓት በሰዓት የተጻፈ ወረቀት አደለችን፦ መጀመሪያ ኒውአርክ የምትባል ከተማ አጠገብ ያለ የጃፓን የአትክልት ስፍራ፣ ቀጥሎ ድሮ በቦይ ጀልባ ይነገድባት የነበረች ሮስኮ የምትባል የጥንት መንደር፣ ስንመለስ ደግሞ ግራንቪል፤ እሷም ሁለት መቶ ዓመት ያለፋት ከተማ ናት። የልጁ እናት እትዬ ሰብለ ገና ፍራንክሊንተን ካለው ቤታቸው ሲወጡ «እኔን መኪና ያዞረኛል» ብለው ፊት ወንበር ያዙ፤ እኔ የሠርጉ ባለቤት ከኋላ ከምግብ ሣጥኑ ጋር ታሸግኩ። መስኮት ሲከፈት በረደኝ፣ ሲዘጋ አፈነኝ ይላሉ። ባለቤታቸው ጋሽ አንድርያስ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰው መጥተዋል። ለበቆሎ እርሻ ክራቫት!

የአትክልት ስፍራውን ልንገርዎት። ኩሬ አለ፣ በኩሬው ውስጥ እየተራመዱበት የሚሻገሩት ድንጋይ በድንጋይ የተደረደረ መንገድ አለ፣ ጎበጥ ያሉ ጥዶች አሉ፣ ግድግዳ የሌላት ትንሽ ቤት አለች። ሰው ሁሉ ቃል ሳይተነፍስ ይቀመጣል። እውነቴን ነው፣ ውብ ነው፤ ለአንድ አፍታ ሱቁንም ረሳሁት። እትዬ ሰብለ ግን በቤተ ክርስቲያን ጫማቸው ኩሬው መሀል ድንጋይ ላይ ቆመው፣

«እንዴ! ይሄን ሁሉ ሃይዌይ ድራይቭ አድርገን የመጣነው ድንጋይ ልናይ ነው? ድንጋይ መንዝ ሞልቶ የለም እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«ማም፣ ፕሊስ፣ ኢት ኢዝ ሰፖዝድ ቱ ቢ ኳየት» አላቸው ልጃቸው፤ ጸጥ የሚባልበት ቦታ ነው ማለቱ ነው።

«እኔ መች ጮህኩ?» ብለው ጮኹ።

ወደኋላም ወደፊትም አልሄድም ብለው አሥር ደቂቃ ቆሙ። ከኋላቸው ሰው ተሰለፈ። በመጨረሻ ጋሽ አንድርያስ አንድ እጃቸውን እኔ ሌላውን ይዘን እንደ ሙሽራ አሻገርናቸው።

ሮስኮ ስንደርስ ደግሞ ልጆቹ በጥንት ቤት ውስጥ ምሳ አስይዘውልናል። ጋሼ፣ በፍልሰታ! ዶሮና አሳማ ብቻ ነው የሞላው። እናቶች ድንች ጥብስ አዘዝን። እትዬ ሰብለ አስተናጋጇን ጠርተው፣ ዘይቱ ዶሮ የተጠበሰበት እንደሆነ ወጥ ቤት ገብታ እንድታረጋግጥ አደረጓት። ተጠብሶበታል። ይሄኔ ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ስልጆና ቂጣ አውጥተው ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ዘረጉት። ማራናታ ጠረጴዛው ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት። እኔ ግን በላሁ፤ ምን ላድርግ፣ ርቦኛል፤ ስልጆውም ይጣፍጣል።

አሁን እርስዎ የጠበቁት። ከሮስኮ ወጥተን ግራና ቀኝ በቆሎ ብቻ በሆነበት መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ። የመኪናው አምላክ ከእርስዎ ጋር ተነጋግሮ ነው መሰለኝ። ስልክ አይሠራም። ጋሽ አንድርያስ ማንም ሳይነግራቸው ኮታቸውን አወለቁና ክራቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው አስፋልቱ ላይ ተኙ። ናትናኤል ከጎናቸው ተንበረከከ። እትዬ ሰብለስ? የቀረችውን አንድ ጠርሙስ ውሃ ለባላቸው ሳይሆን ለማራናታ ሰጡ፤ ነጠላቸውን በእኔና በሳቸው ራስ ላይ ዘርግተው አርባ ደቂቃ ፀሐይ ከለከሉኝ። አፋቸው ግን ያን ሁሉ ጊዜ አላረፈም።

ግራንቪል የድሮ መቃብር ውስጥ ገባን። ከድንጋዩ ላይ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እየተባለ ተጽፏል። ጋሽ አንድርያስ ይሄን ሲያዩ ደረታቸውን ነፍተው የራሳቸውን በጣት ቆጠሩልን፦ ናትናኤል፣ አንድርያስ፣ አባታቸው፣ የአባታቸው እናት፣ የእሷ አባት ግራዝማች ወልደየስ። እኚህ ግራዝማች ጥቁር በቅሎ ነበራቸው እየተባለ የበቅሎዋ ታሪክ እስከ ቤታችን ደጃፍ ድረስ ዘለቀ። እንደውም የእርስዎ አገር ሰው ናቸው መሰለኝ።

መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው። ድልድዩ አሥራ አራት፣ የጃፓኑን የእንጨት ድልድይ ከጨመርን አሥራ አምስት፤ የእሱን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ያናድዳሉ፣ ግን ጨዋ ናቸው። እንግዲህ ተራው የእርስዎ ነው። ይቁጠሩ።

ልጅዎ ሂሩት


ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሂሩት፤

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባትሪው ደርሶኛል። የድልድዩን ፎቶ አየሁት፤ እንጨት ነው፣ ግን ሠሪው አዋቂ ነው።

አንድ ነገር አረጋግጪልኝ። ሰውዬው የጠሩት ስም ግራዝማች ወልደየስ መሆኑን በደንብ ሰምተሻል? ጥቁሯ በቅሎስ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበረባት ብለዋል?

ለማ


ኮሎምበስ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ለማ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረስዎ። ዘመኑ የጤናና የደስታ፣ መልስም የሚገኝበት ያድርግልን።

አዎ፣ ግራዝማች ወልደየስ። አዎ፣ ጋሽ አንድርያስን ደውዬ ጠየቅኳቸው፤ በቅሎዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበረባት። ለበቅሎ ጥያቄ በሦስት ቀን መልስ አገኘሁ፤ ለልጄ ግን ከሐምሌ ጀምሮ ደጅ እጠናለሁ። የበቅሎዋን ሰባት ቤት አይደለም ቄሱ የሚፈልጉት!

ቄሱ እሑድ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አስቁመውኝ እስከ ኅዳር መጨረሻ ወረቀቱን ካላዩ ቀኑን ለሌላ ሙሽራ እንደሚሰጡት ነገሩኝ። ማራናታ «ማሚ፣ ዋይ ኢዝ ሂ ዱዊንግ ዚስ? ዳዝ ሂ ኢቨን ላይክ አስ?» አለችኝ። እርስዎን ነው፤ ለምን እንዲህ ያደርጉናል፣ ይወዱናልስ ወይ ማለቷ ነው። እባክዎ ጋሼ።

ሂሩት


ኮሎምበስ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ለማ፤

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ወር ከአራት ቀን ሆነ። ደብዳቤዬ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ስልኬ ላይ አለ፤ ወይዘሮ ሔዋንም «አንብቤላቸዋለሁ» ብላለች። ሌላ ስጠይቃት «ቤት የሉም፤ ሄደዋል» ትላለች። የት እንደሄዱ ግን አትናገርም። በሰባ ዘጠኝ ዓመትዎ የት ነው የሚዞሩት?

መቁጠር ካልፈለጉ አልፈልግም ይበሉኝ። እኔን ወደ ገጠር ልከው፣ ሱቄን አዘግተው፣ ጎማ አስተንፍሰው፣ አሁን ደግሞ ዝም? አባቴ ቢኖር በአንድ ቀን ይጨርስልኝ ነበር። የሥጋ ዘመድ እንዲህ አያደርግም።

ሂሩት


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሂሩት፤

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት አታንብቢው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

መቁጠሩን የጀመርኩት ገና በሐምሌ ነው። በሚታወቀው ልቁጠርልሽ። ማራናታ፣ ሂሩት፣ ዳኛቸው፣ ፍቅረማርያም፣ ግራዝማች ወልደየስ፤ አምስት። በልጁ በኩል ያለውን አንቺው ጽፈሽልኛል፤ ያም አምስተኛው ላይ ግራዝማች ወልደየስ ነው። ጥቁር በቅሎ የነበራቸው ሰው የእኔ አያት ናቸው። የአያትሽ የፍቅረማርያም አባት ናቸው። በዚህ ቆጠራ ልጆቹ በአምስት ቤት ይገናኛሉ፤ ተክሊል የለም።

ግን ይህ ቆጠራ እውነት አይደለም።

ተስቦ በገባበት ዓመት፣ እኔ ሳልወለድ፣ አለልቱ አካባቢ ኤባ የሚባል ገበሬ ከነሚስቱ ሞተ። አንድ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ቀረ። አያትሽ ፍቅረማርያም ከኤባ ጋር እህል ይገበያዩ ነበር፤ ልጅ አልነበራቸውም። ወንድሞቹን ጠይቀው፣ በአገሩ ወግ በጉዲፈቻ ልጁን ወሰዱ፣ ክርስትና አስነሡ፣ ዳኛቸው አሉት። እኔ ስወለድ እሱ ቤት ውስጥ ነበር፤ አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ወንድም አልነበረም።

አባትሽ ይህን ያውቅ ነበር። አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ አንቺ ገና ካርቱም ነበርሽ። እጄን ይዞ አስማለኝ። «ለሂሩት እንዳትነግራት፤ ሰው አገር ናት፤ ወገን የለኝም ብላ እንዳታስብ» አለኝ። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት ጠበቅኩት። በሐምሌ የሐሰት ስም ጽፌ መፈረም አቃተኝ፤ እውነቱንም መናገር አቃተኝ። መንገድ ውጡ ያልኩሽ ጊዜ ለመግዛት ነው፤ ሰው በመንገድ ይታወቃል ማለቴ ግን ውሸት አልነበረም። ስለ ሰውዬው ክራቫትና ስለ ሴትዮዋ ነጠላ ሳነብ ልጅቷ ደህና ቤት እንደምትገባ ገባኝ። ያን ጊዜ ነው የበቅሎዋ ነገር የመጣው።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። መሐላውን አፍርስ፣ ልጅቷን አትከልክል አሉኝ፤ ቀኖናውን አርባ ስግደት አደረጉት። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ከዚያ ወደ አለልቱ ወጣሁ። መጀመሪያ መንገድ ተዘግቶ ተመለስኩ፤ ሁለተኛ ስሄድ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። አገሩ ሲደርሱ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አለች። በ1967 የሠራኋት እኔ ነኝ። የዳኛቸው አገር ከእሷ በእግር ግማሽ ሰዓት እንደሆነ እያወቅሁ በዚያ መንገድ ስመላለስ ኖሬ አንድ ቀን አልታጠፍኩም። ፈርቼ ነው። የእሱን ሰዎች ካገኘሁ እሱን የማጣው ይመስለኝ ነበር።

አገኘኋቸው። የኤባ የወንድሙ ልጅ በሕይወት አለ፤ እኔን የሚያህል ሽማግሌ ነው። የአባትሽን ግንባር ይዞ ቁጭ ብሏል። ሳልጠይቀው ቆጠረልኝ፤ እነሱ ዘር ሲቆጥሩ አይንተባተቡም። ማራናታ፣ ሂሩት፣ ዳኛቸው፣ ኤባ፣ ጉተማ፣ ቱሉ፣ ዋቆ። ሰባት። የሴቶቹንም መስመር ቆጥሮልኝ ጽፌዋለሁ። ከግራዝማች ቤት ጋር የትም አይገናኝም። ሁለታችንም ፈርመናል፤ ዋናው ወረቀት ዛሬ በፖስታ ወጥቷል።

እንግዲህ በዚህ ወረቀት መሠረት እኔና አንቺ የሥጋ ዝምድና የለንም። «የሥጋ ዘመድ እንዲህ አያደርግም» ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ ልክ ነሽ። የልጁ ወገን ግን ዘመዶቼ ሆነው ተገኙ፤ እግዚአብሔርም አንዳንዴ ይቀልዳል። ከእንግዲህ አጎቴ እያልሽ የመጻፍ ግዴታ የለብሽም። ሌላ ባትሪም አትላኪ፤ ያለው ይበቃኛል።

ለማ ገብረሚካኤል


ኮሎምበስ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለአጎቴ፣ ለአጎቴ ለጋሼ ለማ፤

ሰላምታዬን ከመሬት ተደፍቼ አቀርባለሁ፤ ያቺን መጥፎ ዓረፍተ ነገር የጻፈች እጄ ትሰበር። ይቅር ይበሉኝ።

ሱቅ ውስጥ አታንብቢ ያሉትን ሱቅ ውስጥ አነበብኩት። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ይዤ ነበር፤ በእንባዬ አበላሸሁትና እንደገና አጥቤ ተኮስኩት። ለአባቴ አለቀስኩ፤ ተናደድኩበትም። ወገን የለኝም ብላ እንዳታስብ ብሎ ወገኔን ደበቀብኝ! ይኸው አሁን በአንድ ደብዳቤ እጥፍ ሆኑልኝ። የኤባን የወንድም ልጅ ፎቶ ይላኩልኝ፤ የአባቴን ግንባር ላየው እፈልጋለሁ።

ቄሱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «በሥጋ አይገናኙም» ብለው ፈረሙ። ግንቦት 8 የእኛ ነው። ማራናታ ሰባቱን ስም በቃሏ ይዛ መኪና ውስጥ እየደጋገመች ታሳብደኛለች።

አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ መጣብኝ። እትዬ ሰብለ ነገሩን እንደሰሙ ሮጠው ሱቄ መጡ።

«እንግዲህ ጋሽ ለማ የአንድርያስ ብለድ ናቸው» አሉኝ፤ ሥጋው ደሙ ማለታቸው ነው። «ሠርጉ ላይ ከኛ ቴብል ነው ሚቀመጡት። ሲቲንጉን ቼንጅ አድርጊው።»

«እትዬ ሰብለ፣ ይሄ እኔ ሞቼ ነው» አልኳቸው።

«አንድርያስን ኮል አድርጊና ጠይቂው!»

አልጠይቅም። ጥሪ ካርዱ ታትሟል፤ በሙሽራዋ ወገን «አጎቷ አቶ ለማ ገብረሚካኤል» ይላል፤ አራት መቶ ቅጂ፤ ሌላ አላሳትምም፣ አልሰርዝም። አባቷ ቢኖር ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ የሚቆሙት እርስዎ ነዎት። ግድግዳ ወደሌላት የጃፓን ቤትም እወስድዎታለሁ፤ ድልድዩን በእጅዎ ይነካሉ፤ እትዬ ሰብለን ግን ኩሬው መሀል እርስዎ ራስዎ ያሻግሯቸው።

ባትሪው ከዚህ ጋር በሰው ተልኳል፤ ሁለት እሽግ ነው። ለቪዛዎ የአሜሪካ ኤምባሲ የጥሪ ደብዳቤም አብሮ አለ። ቀጠሮዎ ጥር 12 ነው፤ ወይዘሮ ሔዋን ትሸኝዎታለች። መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ ፈረንጁ «ሂሩት ዳኛቸው ምንዎ ናት?» ብሎ ይጠይቅዎታል። የወንድሜ ልጅ ናት ይበሉና ዝም ይበሉ።

እባክዎ ጋሼ፣ እዚያ እንዳይቆጥሩ።

ልጅዎ ሂሩት ዳኛቸው ኤባ